ፈተናውን የሚያውቅ ሞተር

የሞተርን ጉልበት በቁጥር መግለጽ የተጀመረው ለሽያጭ ነው። በ1780ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ስኮትላንዳዊው ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ለወፍጮ ቤቶችና ለቢራ ጠማቂዎች ሲያቀርብ፣ ደንበኞቹ የሚያውቁት ጉልበት የፈረስን ነበር። ማሽኖቻቸውን የሚያዞሩላቸው ፈረሶች ስለነበሩ ማወቅ የሚሹት ሞተሩ ስንት ፈረስ እንደሚያሳርፍላቸው ነው። ዋት ፈረሶች ሲሠሩ አይቶ አሰላና አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 33,000 ፓውንድ የሚመዝን ነገር በአንድ ደቂቃ አንድ ጫማ ወደ ላይ ማንሣት ነው ብሎ ወሰነ። በዛሬው መለኪያ 746 ዋት ይሆናል። ቁጥሩ ለገዢው ያደላ ነበር፤ ተራ የወፍጮ ፈረስ ይህን ያህል ጉልበት ቀኑን ሙሉ ሊያወጣ አይችልም። ስለዚህ ባለ10 የፈረስ ጉልበት ሞተር የተከለ ሰው ከ10 ፈረስ የሚበልጥ ሥራ ያገኝ ነበር። ይህ ቸርነት ብቻ አልነበረም። ዋትና ሸሪኩ ክፍያቸውን በየዓመቱ የሚሰበስቡት በፈረስ ጉልበት ልክ ነበርና፣ ቅሬታ ያደረበት ደንበኛ አያዋጣቸውም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት መቶ ዓመታትም የአንድ ሞተር ቁጥር ለምን ከፍ ወይም ዝቅ እንዳለ ለማወቅ፣ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ገንዘብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይበቃል።

ብሪታንያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናት። ከ1910 ጀምሮ የመኪና ግብር በፈረስ ጉልበት እንዲሰላ ሲደረግ፣ መንግሥት እያንዳንዱን ሞተር አስሮ ከመለካት ይልቅ የሮያል አውቶሞቢል ክለብን ስሌት ተጠቀመ። የፒስተኑ ስፋት በኢንች ተለክቶ በራሱ ይባዛል፣ ውጤቱ በሲሊንደሮቹ ብዛት ይባዛል፣ ከዚያ ለ2.5 ይካፈላል። ፒስተኑ ምን ያህል ርቀት ወጥቶ እንደሚወርድ ግን ስሌቱ አይጠይቅም። መሐንዲሶቹ የቀረውን ሠሩ፤ ፒስተኑን አጠበቡ፣ የሚመላለስበትን መንገድ አስረዘሙ። በ1922 የወጣው ኦስቲን ሰቨን በግብር መዝገብ 7.8 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ ሞተሩ በተግባር 10 ያህል ያወጣ ነበር። ሰፊ ፒስተን የነበረው የአሜሪካው ፎርድ ሞዴል ቲ ደግሞ 20 እያወጣ 22.5 ተብሎ ይመዘገባል። ከ1921 ጀምሮ ለአንዱ የፈረስ ጉልበት በዓመት አንድ ፓውንድ ይከፈል ስለነበር ልዩነቱ ለገዢው ኪስ ቀላል አልነበረም። እዚህ ላይ ማንም ዋሽቷል ማለት አይቻልም፤ አምራቾቹ ሕጉ የጠየቀውን ቁጥር ሰጡ። ነገር ግን የመለኪያው ቅርጽ የሞተሩን ቅርጽ ቀየረው። ግብሩ በ1940ዎቹ መጨረሻ ከተሻረ በኋላም ጠባብና ረጅም ሞተር የእንግሊዝ መኪኖች ምልክት ሆኖ ቆየ።

በአሜሪካ ቁጥሩ የተሳበው ወደ ላይ ነው። እስከ 1971 ድረስ ፋብሪካዎች የሚያስተዋውቁት ጉልበት የሚለካው ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ ራቁቱን መለኪያ ላይ ታስሮ ነበር። የአየር ማጣሪያና ማርሚታ አይገጠምለትም፣ ዲናሞና ማራገቢያ አይጎትትም። ቁጥሩ እውነተኛ ልኬት ነው፤ በዚያ ሁኔታ መንገድ ላይ የሚሄድ መኪና ግን የለም። በ1972 ሞተሩ በመኪናው ውስጥ የሚሸከመውን ሁሉ ተሸክሞ ይለካ ሲባል፣ ከዓመት በፊት 330 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ይሸጥ የነበረው የኮርቬት ሞተር 255 ሆኖ ብቅ አለ። ደግሞም በዚያው ዘመን ሆን ተብሎ ቁጥራቸው ዝቅ የተደረገ ሞተሮች ነበሩ። የ1960ዎቹ መጨረሻው ካማሮ ዚ/28 በወረቀት 290 ቢባልም ከ350 በላይ ያወጣ እንደነበር ይገመታል። ወጣቶች የሚገዙትን ኃይለኛ መኪና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በከባድ አረቦን ስለሚቀጡት፣ ትሑት ቁጥር ራሱ ገበያ ነበረው። ጃፓን ውስጥም አምራቾቹ በመካከላቸው ተስማምተው ከ1989 እስከ 2004 ድረስ ከ280 የፈረስ ጉልበት በላይ ነው የሚሉትን መኪና ለአገራቸው ገበያ አላቀረቡም። ሞተሮቹ ማደጋቸውን ቀጠሉ፤ ቁጥሩ ብቻ 280 ላይ ቆሞ ቀረ።

ዘዴ ሳይኖረው በቀጥታ ተጋንኖ የተገኘ ቁጥርም አለ። ማዝዳ በ2001 በአሜሪካ ለሚያታ መኪናው ያስተዋወቀውን 155 የፈረስ ጉልበት ወደ 142 አውርዶ፣ ቅር ለተሰኙ ገዢዎች መኪናውን መልሶ እንደሚገዛ አሳወቀ። ሃዩንዳይ በማግሥቱ ዓመት ወደ 1.3 ሚሊዮን በሚጠጉ መኪኖች ላይ ጉልበቱን አጋንኖ መናገሩን አመነ። ከእነዚህ በኋላ የአሜሪካ አውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር በ2005 የመለኪያውን ደንብ አጠበቀ፤ ልኬቱ ሲካሄድ ከፋብሪካው ውጭ የሆነ ምስክር ቆሞ የሚያይበትን አሠራርም ዘረጋ። የቶዮታ ካምሪ ባለ6 ሲሊንደር ሞተር በአዲሱ ደንብ ከ210 ወደ 190 ወረደ። ሞተሩ ያው የቀድሞው ነበር። ምስክር መጥራቱ ግን እስከ ዛሬ በአምራቹ ፈቃድ የሚደረግ ነው፤ በአሜሪካ የፈረስ ጉልበት በዋናነት የገዢና የሻጭ ጉዳይ እንጂ የመንግሥት ጉዳይ አይደለምና።

የመንግሥት ጉዳይ የሆነው ጭሱ ነው። ሎስ አንጀለስን የሸፈናት ጭጋግ ከመኪና ጭስ እንደሚመጣ ከታወቀ በኋላ፣ የአሜሪካ ባለሥልጣናት መኪኖችን የሚፈትኑበት አንድ ወጥ መንገድ አስፈለጋቸው። ለዚህ የተመረጠው በዚያች ከተማ ከቤት ወደ ሥራ የሚደረግ የጠዋት ጉዞ ነበር። ጉዞው ተቀድቶና ተስተካክሎ 12 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ 23 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ ፈተና ሆነ። መኪናው ሮለር ላይ ይቆማል፤ ጎማዎቹ ይሽከረከራሉ፣ እሱ አይንቀሳቀስም። ሾፌሩ ከፊቱ ባለው መስመር እየተመራ በየሴኮንዱ የታዘዘውን ፍጥነት ይከተላል፣ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ይሰበሰባል። አንዱን መኪና ከሌላው ጋር በፍትሕ ለማወዳደር ፈተናው ሁልጊዜ አንድ መሆን አለበት። አንድ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ከነመልሱ ቀድሞ በተፈታኙ እጅ ገብቷል። ከዚህ በኋላ የተከሰተው ሁሉ የተወለደው ከዚህ ቅራኔ ነው፤ እስካሁንም ሙሉ በሙሉ የፈታው የለም።

የመጀመሪያዎቹ ጥሰቶች የሕጉ ቀለም ገና ሳይደርቅ መጡ። ፎርድ ለብዙ ሺህ ማይል ጽናት በሚፈተኑ መኪኖቹ ላይ ያልተፈቀደ ጥገና ሲያደርግ ቆይቶ በ1973 7 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ቮልስዋገን ደግሞ በ1973 ሞዴል መኪኖቹ ላይ በአየሩ ሙቀት መጠን የጭስ መቆጣጠሪያውን የሚያቋርጡ ማብሪያ ማጥፊያዎች ገጥሞ ተገኘና በ1974 120,000 ዶላር ከፍሎ ጉዳዩን ዘጋ። የሙቀት ማብሪያ ብልሃት ቀላል ነው፤ ላቦራቶሪው ሁልጊዜ በታወቀ ሙቀት ላይ ነው፣ መንገዱ አይደለም። ሕጉ ለእነዚህ ነገሮች የሰጠው ትርጉም በኋላ ብዙ ሠርቷል። በተለመደው አነዳድ ሊያጋጥም በሚችል ሁኔታ የጭስ መቆጣጠሪያውን አቅም የሚቀንስ ማናቸውም መሣሪያ የተከለከለ ነው፤ ሞተሩን ከጉዳት ለማዳን ካልሆነ በቀር። ይህች «ካልሆነ በቀር» የምትለው ሐረግ በኋላ ብዙ ጠበቆችን ቀልባለች።

ኮምፒውተር በኮፈን ሥር ከገባ በኋላ ማብሪያ ማጥፊያው ወደ ፕሮግራም ተለወጠ። በ1995 ጄኔራል ሞተርስ በ470,000 የካዲላክ መኪኖች ምክንያት 45 ሚሊዮን ዶላር የሚያስወጣው ስምምነት ፈረመ። የመኪኖቹ ኮምፒውተር የአየር ማቀዝቀዣው ሲበራ ለሞተሩ ተጨማሪ ቤንዚን እንዲሰጥ ታዝዞ ነበር። ፈተናው በዚያን ጊዜ ይካሄድ የነበረው ደግሞ ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ነው። በ1998 ተራው የከባድ መኪና ሞተር ሠሪዎች ሆነ፤ ካተርፒላርን፣ ከሚንስን፣ ቮልቮንና ማክን ጨምሮ ሰባት ኩባንያዎች። ሞተሮቻቸው የላቦራቶሪውን መዋዠቅ ሲያዩ ንጹሕ ይሆናሉ፤ በሀገር አቋራጭ መንገድ ላይ ፍጥነታቸው ረግቶ ሲቆይ ናፍጣ ወደሚቆጥበውና ናይትሮጅን ኦክሳይድ ወደሚያበዛው አሠራር ይዞራሉ። የቅጣቱ ገንዘብ 83.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር፣ ከማስተካከያው ጋር ወጪው ወደ አንድ ቢሊዮን ደረሰ። በዚያን ጊዜ በዓይነቱ ትልቁ ቅጣት ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል። እንደ ማስጠንቀቂያ ግን ብዙም አላገለገለም።

ኮምፒውተርና ሶፍትዌር ሠሪዎች ያለ ሕግና ያለ ቅጣት፣ በራሳቸው መንገድ ወደዚያው ቦታ ደርሰዋል። ቀድሞ የማሽን ፍጥነት የሚነገረው በሚፕስ ነበር፤ በሴኮንድ ስንት ሚሊዮን ትእዛዝ ይፈጽማል ማለት ነው። የአንዱ ማሽን ትእዛዝ ከሌላው ጋር ስለማይመጣጠን ቁጥሩ ለገዢ ብዙ አይጠቅምም። በ1984 ራይንሆልድ ቫይከር ድራይስቶን የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፈ፤ ሁሉም ማሽን ያንኑ ሠርቶ ፍጥነቱ ይታይ በሚል ሐሳብ። ችግሩ የመጣው ከኮምፓይለሩ፣ ማለትም ሰው የጻፈውን ፕሮግራም ወደ ማሽን ቋንቋ ከሚመልሰው ሶፍትዌር ነው። ድራይስቶን የተጻፈው ለመለኪያ ብቻ ስለሆነ ከሚያሰላው ውስጥ ብዙው ለማንም አይፈለግም። ብልሕ ኮምፓይለር የማይፈለገውን ስሌት ለይቶ ይቆርጠዋል። ያን ጊዜ ማሽኑ ያልሠራውን ሥራ በፍጥነት እንደሠራ ይቆጠርለታል። ቫይከር በ1988 ያሻሻለውን ቅጂ ያወጣው ይህን ቀዳዳ ለመድፈን ነበር።

በዚያው ዓመት ሰን፣ ሂውሌት ፓካርድ፣ አፖሎና ሚፕስ የተባሉት ኩባንያዎች ስፔክ የሚባለውን ማኅበር መሠረቱ። ተፎካካሪዎች አንድ ላይ ሆነው የጋራ ሚዛን የሠሩት፣ የሌላውን ቁጥር ማንም ስለማያምን የራሱንም የሚያምንለት እያጣ በመምጣቱ ነው። ሚዛኑ በ1989 የተሠራው ከአሥር ፕሮግራሞች ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሰዎች በእርግጥ የሚጠቀሙባቸው ነበሩ። ከአሥሩ አንዱ ማትሪክስ300 ትልልቅ የቁጥር ሰንጠረዦችን ያባዛል። ብዙም ሳይቆይ ኮምፓይለር ሠሪዎች ስሌቱን በትንንሽ ክፍል ከፍለው በፈጣኑ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ የሚያስኬዱበትን ዘዴ አገኙ። የዚያ አንድ ፕሮግራም ውጤት በብዙ እጥፍ ዘለለና አማካዩን ይዞት ወጣ። በ1992ቱ እትም ማትሪክስ300 ተሰናበተ። ይህ ግን ማጭበርበር ነበር ለማለት ያስቸግራል፤ ዘዴው እውነተኛ ነው፣ ሳይንሳዊ ስሌት የሚሠሩ ሰዎች ዛሬም ይጠቀሙበታል። በ1996 መጀመሪያ ኢንቴል ያመነው ጉዳይ ይለያል። የኮምፓይለሩ ስሕተት በስፔክ ፕሮግራሞች በአንዱ ላይ ያልተገባ ውጤት ሰጥቶ የፕሮሰሰሮቹን ፍጥነት 10 በመቶ ያህል አጋንኖት ነበር።

በመረጃ ቋቶች ዓለም ጠቡ የከረረ ነበር። በ1983 ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ዴቪድ ዴዊትና ባልደረቦቹ በገበያ ላይ ያሉትን የመረጃ ቋት ሶፍትዌሮች አወዳድረው ውጤቱን በየስማቸው አሳተሙ። ኦራክል ጥሩ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ያለ ፈቃዱ የፍጥነት ልኬት ማሳተምን በሽያጭ ውሉ ከለከለ። ሌሎችም ተከተሉት፤ በሙያው ዘንድ አንቀጹ እስከ ዛሬ በዴዊት ስም ይጠራል። ገዢው የገዛውን ዕቃ ለክቶ እንዳይናገር የሚያግድ ውል በመኪና ገበያ ቢታሰብ መሳቂያ ይሆን ነበር። በሶፍትዌር ግን ለአሥርተ ዓመታት ብዙም ሳያነጋግር ኖሯል።

የባንክ ገቢና ወጪን መዝግቦ በመጨረስ ፍጥነት የሚለካው ቲፒሲ የተባለው ጉባኤም በ1988 ተቋቋመ። በ1993 አንድ አማካሪ ድርጅት ኦራክልን ከሰሰ፤ ሶፍትዌሩ ላይ የጨመረው አንድ አሠራር ተራ ደንበኛ የማይጠቀምበት፣ የዚህን ፈተና ውጤት ለማሳበጥ ብቻ የተሠራ ነው የሚል ነበር ክሱ። ኦራክል ክሱን በብርቱ ተቃወመ፤ ደንቡን በቃል አክብሬያለሁ፣ ደንቡ ውስጥ የሌለ ነገር ጥሰሃል ልባል አይገባም አለ። በዚህ እውነት ነበረው። ጉባኤው መልስ የሰጠው ደንቡን በማረም ነው። ለፈተናው ብቻ የተሠራና በተለመደው ሥራ ላይ ጥቅም የሌለው ማናቸውም አሠራር ተከለከለ። የመኪና ሕግ ከሃያ ዓመት በፊት ከጻፈው ጋር ነገሩ አንድ ነው፤ የተጠጋው ብቻ ከሌላው ጎን ነው። መኪናው በመንገድ ላይ የሚከፋ እንዳይሆን ተከለከለ፣ ሶፍትዌሩ በፈተና ላይ ብቻ የሚሻል እንዳይሆን።

ደንብ የማይደርስባቸው ግን ብዙ ነበሩ። በ2001 የኤቲአይ ራዲዮን 8500 የምስል ካርድ ኩዌክ 3 በተባለው ጨዋታ ላይ ጥሩ ፍጥነት አሳየ። ገምጋሚዎች የጨዋታውን ፋይል ስም ከኩዌክ ወደ ኳክ ለወጡት፤ ፍጥነቱ ወረደ። ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር የሚያየው ስሙን ነበርና፣ ስሙን ሲያይ የምስሉን ጥራት ቀንሶ ይሮጥ ነበር። በ2003 ፊውቸርማርክ የተባለው የፈተና አዘጋጅ በኒቪዲያ ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ፈተናው የሚለይባቸውን መንገዶች የሚዘጋ ማስተካከያ ሲያወጣ የአንዱ የኒቪዲያ ካርድ ውጤት በ24 በመቶ ገደማ ወደቀ። ሁለቱ ኩባንያዎች በሳምንታት ውስጥ ታርቀው፣ ነገሩ ማታለል ሳይሆን ለአንድ ፕሮግራም ተለይቶ የተደረገ ማሻሻያ ነው የሚል የጋራ መግለጫ ሰጡ። በ2013 ደግሞ የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ4 ስልክ የታወቁ የመለኪያ አፖችን በስማቸው እየለየ፣ ለሌላ አፕ የማይፈቅደውን ፍጥነት ለእነሱ ብቻ ሲፈቅድ ተደረሰበት። ይህን የሚያደርገው የኮድ ክፍል ስም መለኪያን ማበርቻ ማለት ነበር። ስሙን ለመደበቅ እንኳ የተጨነቀ የለም። በወራት ውስጥ ከአፕልና ከሞቶሮላ በቀር ዋና ዋናዎቹ ስልክ ሠሪዎች አብዛኞቹ ይህን ወይም የሚመስለውን እንደሚያደርጉ ታወቀ።

የሶፍትዌሩና የመኪናው ታሪክ አንድ ላይ የመጡት በቮልስዋገን ነው። ኩባንያው በአሜሪካ ንጹሕ ናፍጣ እያለ የሚሸጣቸው መኪኖች ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይሰጣሉ ተባለ፤ ጉልበት፣ ቁጠባ፣ ንጽሕና። የአሜሪካ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ገደብ ግን በጣም ጠባብ ነው። ገደቡን በርካሽ መሣሪያ ለማክበር ወይ የናፍጣ ፍጆታው ይጨምራል፣ ወይ ማጣሪያው ቶሎ ያረጃል፣ ወይ ባለቤቱ ጭሱን ለማጣራት የሚያገለግለውን ዩሪያ ቶሎ ቶሎ መሙላት አለበት። መሐንዲሶቹ ከሦስቱ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ ፈተናውን የሚለይ ፕሮግራም ጻፉ። ሮለር ላይ ያለ መኪና ጎማው እየሮጠ መሪው አይዞርም። ፕሮግራሙ ይህንንና የፍጥነቱን አካሄድ፣ የቆይታውን ጊዜ፣ የአየሩን ግፊት አገናዝቦ ፈተና ላይ እንዳለ ከገመተ መቆጣጠሪያውን በሙሉ አቅሙ ያሠራል፤ አለበለዚያ ያላላዋል።

ያጋለጠው አነስተኛ ጥናት ነው። ዓለም አቀፉ የንጹሕ ትራንስፖርት ምክር ቤት የአሜሪካ ናፍጣ መኪኖች ንጹሕ መሆናቸውን አሳይቶ አውሮፓን ለማሳመን ፈልጎ ዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን ቀጠረ። ተመራማሪዎቹ በ2013 ሦስት መኪኖች ካሊፎርኒያ ውስጥ አገኙና የጭስ መለኪያቸውን ከኋላ ጭነው መንገድ ወጡ። አንዱን እስከ ሲያትል ነድተውታል። ጄታው ከገደቡ ከ15 እስከ 35 እጥፍ፣ ፓሳቱ ከ5 እስከ 20 እጥፍ አጨሱ፤ ሦስተኛው፣ የቢኤምደብልዩው ኤክስ5፣ በአብዛኛው በገደቡ ውስጥ ቆየ። እነዚያው መኪኖች ሮለር ላይ ሲወጡ ግን ንጹሕ ነበሩ። ጥናቱ በ2014 ግንቦት ላይ ሲታተም የካሊፎርኒያ አየር ባለሥልጣን ጥያቄ ማንሣት ጀመረ። ቮልስዋገን ከአንድ ዓመት በላይ ቴክኒካዊ ምክንያት እየደረደረ ከቆየ በኋላ በ2015 መስከረም መጀመሪያ አመነ፤ በ18ኛው ቀን ጉዳዩ ለሕዝብ ወጣ። አሜሪካ ውስጥ 482,000 ያህል፣ በዓለም ዙሪያ 11 ሚሊዮን መኪኖች ሶፍትዌሩን ይዘዋል። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ማርቲን ቪንተርኮርን በአምስተኛው ቀን ሥራውን ለቀቀ። ኩባንያው በ2017 በአሜሪካ ፍርድ ቤት በወንጀል ጥፋተኛነቱን አምኗል፤ ቅጣቱ፣ ካሳውና መልሶ መግዣው ተደምሮ ከ30 ቢሊዮን ዩሮ አልፏል።

አውሮፓ ውስጥ ክርክሩ በዚያች በ«ካልሆነ በቀር» ሐረግ ላይ ቆመ። ብዙ አምራቾች ሞተሩን ለመጠበቅ እንጂ ለማታለል አይደለም ባይ ነበሩ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2020 የሞተርን እርጅና ማዘግየት በቂ ምክንያት አይሆንም ብሎ ፈረደ። በ2022 ደግሞ ቮልስዋገን ችግሩን ለማስተካከል የጫነውን አዲስ ሶፍትዌር ራሱን መረመረ። አዲሱ ሶፍትዌር ጭሱን በሙሉ አቅም የሚያጣራው ሙቀቱ ከ15 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከፍታው ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን ብቻ ነበር። ፍርድ ቤቱ የኅብረቱ መኪኖች በዚህ ሁኔታ ውስጥ ብቻ አይነዱም አለ። በ1974 120,000 ዶላር ያስከፈለው የሙቀት ማብሪያ ማጥፊያ ተመልሶ መጥቶ ነበር ማለት ነው። የከፍታው ገደብ ከ2,300 ሜትር በላይ ለምትገኘው አዲስ አበባ ምን ማለት እንደሆነ ለማስላት አያዳግትም፤ እንዲህ ያለ መኪና በከተማዋ ውስጥ ጭሱን በሙሉ አቅም የሚያጣራበት አንድም ቀን የለም።

የነዳጅ ፍጆታ ቁጥር ይህን ያህል ድፍረት ሳይጠይቅ በየዓመቱ ከእውነት ይርቅ ነበር። የአውሮፓው አሮጌ ፈተና 20 ደቂቃ የሚፈጅ፣ 11 ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 26 ሴኮንድ የሚሰጥ የዝግታ ጉዞ ነበር። ደንቡ የሚፈቅደው ልቅነት ብዙ ስለነበር አምራቾች የበር ክፍተቶችን በፕላስተር ይሸፍኑ፣ ጎማውን ከልክ በላይ ይነፉ፣ ባትሪውን ሞልተው ሞተሩን ከዲናሞ ሸክም ያሳርፉ ነበር። ይህ ሁሉ ሕጋዊ ነበር ወይም ሕገ ወጥ መሆኑ አልተጻፈም። በ2001 በወረቀቱና በመንገዱ መካከል የነበረው ልዩነት 10 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በ2015 ወደ 40 በመቶ ደርሷል። መኪኖቹ በእርግጥ የተሻሻሉትን ያህል፣ አምራቾቹም ፈተናውን በማለፍ ተሻሽለዋል።

በግልጽ ደንብ የጣሱም አልጠፉም። ሃዩንዳይና ኪያ መኪናው በገዛ ፍጥነቱ ተንከባልሎ እስኪቆም የሚለካበትን ሙከራ ካደረጉ በኋላ ከውጤቶቹ የሚስማማቸውን ብቻ እየመረጡ አቅርበው፣ በ2014 በአሜሪካ 100 ሚሊዮን ዶላር ተቀጥተዋል። ሚትሱቢሺ በ2016 በ625,000 ትንንሽ መኪኖች ላይ ቁጥር ማዛባቱን አመነ፤ የተሳሳተው የመለኪያ ዘዴ ከ1991 ጀምሮ ይሠራበት ነበር። የተደረሰበት ከእነዚህ መኪኖች አብዛኞቹን በራሱ ስም የሚሸጠው ኒሳን ለክቶ ስላልገጠመለት ነው። ኒሳን ጥቂት ወራት ቆይቶ የሚትሱቢሺን አክሲዮን 34 በመቶ ገዛ። በ2023 መጨረሻ የቶዮታ ንብረት የሆነው ዳይሃትሱ በ64 ሞዴሎች ላይ ፈተና ማዛባቱ ታውቆ ምርቱን ሁሉ ማከፋፈል አቆመ፤ በአንዳንዱ የግጭት ሙከራ የአየር ከረጢቱ የተነፋው በሴንሰር ሳይሆን በሰዓት ቆጣሪ ነበር። የፍጆታ ቁጥር ገንዘብ ያሳጣል፤ ይህኛው ግን የሰው ሕይወት ነው፣ የሌሎቹን ያህል ግን አልተወራለትም።

መድኃኒት ሆኖ የቀረበው ፈተናውን ከላቦራቶሪ ማውጣት ነው። አውሮፓ ከ2017 ጀምሮ ዘለግ ያለና ፈጠን ያለ አዲስ የላቦራቶሪ ፈተና ተቀበለች፤ የጭስ መለኪያ ከኋላ ጭኖ መንገድ ላይ መፈተንንም ግዴታ አደረገች። ከ2021 ወዲህ የሚሸጡ አዳዲስ መኪኖች ደግሞ የሚፈጁትን ነዳጅ ራሳቸው መዝግበው ይይዛሉ። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ይህን መዝገብ የተመለከተ ነው። የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ካርቦን ከወረቀቱ 20 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በባትሪም በቤንዚንም የሚሄዱት፣ ከሶኬት የሚሞሉ ሃይብሪዶች ግን ሦስት ተኩል እጥፍ ይበልጣሉ፤ ፈተናው ባለቤቶቹ ባትሪውን አዘውትረው እንደሚሞሉ ይገምታል፣ እነሱ ግን አይሞሉም። በዚህ ውስጥ የዋሸ መሐንዲስ መፈለግ ከንቱ ነው። ግምቱን የጻፈው የደንቡ አርቃቂ ነው፣ አምራቾቹ ደግሞ ግምቱን በደስታ ተቀበሉት።

በኮምፒውተሩ ዓለም እንዲህ ያለ መዝገብ የለም፤ ያለው እንደ ስፔክ ባሉ ማኅበራት ውስጥ አባላቱ እርስ በርስ መጠባበቃቸው ነው። በ2015 የቻይናው ባይዱ የምስል መለያ ፕሮግራሙን በዓለም አቀፍ ውድድር ላይ በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲያቀርብ ተፈቅዶለት ሳለ በብዙ አካውንት ከ200 ጊዜ በላይ እየሞከረ መልሱን ሲያጠና ተገኝቶ ለአንድ ዓመት ታገደ። በ2024 የካቲት ስፔክ የኢንቴል ኮምፓይለር ከፈተናው አንዱን ፕሮግራም ለይቶ የሚያውቅ አሠራር እንደያዘ ደርሶበት፣ ቀደም ሲል ያሳተማቸውን ከ2,600 በላይ ውጤቶች ተቀባይነት እንደሌላቸው ምልክት አደረገባቸው። ድራይስቶን ከተጻፈ አርባ ዓመት ሊሆነው ነበር።

የኤሌክትሪክ መኪና ሲመጣ የጭሱ ጥያቄ ከጭስ ማውጫው ተነሥቶ፣ አንድ ሙሌት ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል በሚለው ተተካ። የ2023ቱ የቴስላ ሞዴል 3 ባለአንድ ሞተሩ በቻይና ፈተና 606፣ በአውሮፓው 513 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ የአሜሪካው ባለሥልጣን ለዚያው ዓይነት መኪና የሰጠው 272 ማይል፣ ማለት 438 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስቱም ቁጥሮች ሕጋዊ ናቸው፣ በየአገሩ ደንብ የተለኩ ናቸው። የቻይናው ፈተና አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የአሜሪካው ደግሞ ከላቦራቶሪ የወጣውን ውጤት በአብዛኛው በ0.7 አባዝቶ ይቀንሰዋል። ኢትዮጵያ በራሷ አቆጣጠር በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ በብዛት የሚታዩት ከቻይና የመጡ የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ በመካከላቸው ቮልስዋገን ቻይና ውስጥ የሚያመርታቸው አይዲ.4ና አይዲ.6 ይገኛሉ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ይዞት የሚመጣው የርቀት ቁጥር የቻይናው ፈተና ቁጥር ነው። ከሦስቱ ፈተናዎች በየትኛውም ዳገት የለም፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣ መኪና ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል ይወጣል።